ጡሩምባ ነፊዋ ያለ ሞት አትሩጥ

በሰለች ፈንታሁን በጨፌ ሰፈር መንገድ ላይ ብቅ ስትል ሰው ደረቱን ይይዛል። ክፉ ሆና አይደለም፤ እንደ እሷ ያለች የዋህ ሴት በደብረ ብርሃን ከተማ በፋኖስ ብትፈለግ አትገኝም። ችግሩ ሥራዋ ነው። በሰለች የጨፌ ሰፈር እድር ጡሩምባ ነፊ ናት። ሰው ሲያርፍ ከሁሉ በፊት ለእሷ ይነገራታል። ጡሩምባዋን ከግድግዳው ላይ ታወርድና ሰው ወደየሥራው ሳይበተን መቶ አርባ ቤት ለማዳረስ ትሮጣለች፤ ከላይ ከወፍጮ ቤቱ ታች እስከ ወንዙ። በየማዕዘኑ ቆም ትላለች፣ ትነፋለች፣ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ትናገራለች፣ ደግሞ ትሮጣለች።

ሥራው የአባቷ ነበር። ጋሽ ፈንታሁን ሠላሳ አንድ ዓመት ነፍተው ደረታቸው ሲደክም እድሩ ተተኪ ፈለገ። ወንዶቹ ተራ በተራ ጫማቸውን አዩ። በሰለች ግን ከልጅነቷ ጀምሮ አባቷን ተከትላ እየሮጠች ያደገች ናት፤ የትኛው ቤት ከባድ እንቅልፍ እንዳለበት፣ የትኛው ውሻ እንደሚነክስ ታውቃለች። “እኔ እነፋለሁ” አለች። ሰፈሩ ሴት ጡሩምባ ነፊ አይቶ ስለማያውቅ ሦስት ቀን አጉረመረመ። በአራተኛው ቀን ሰው ሞተና ማጉረምረሙ ቀረ።

ሰው ያልሞተ ቀን የበግ ፀጉር ፈትላ ኮፍያና ካልሲ ትሠራለች፤ ደብረ ብርሃን ብርድ አጥታ ስለማታውቅ በሰለችም ገበያ አጥታ አታውቅም። ባሏ ወደ ለሚ ከተማ ሄዶ ሌላ ጎጆ ከቀለሰ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ያን ጊዜ ሁለት ቀን አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን፣ “ለሌላው ሰው ለቅሶ የምጠራ ሴት ለራሴ ሁለት ቀን ይበቃኛል” ብላ ተነሣችና ዕንዝርቷን አነሣች።

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በበግ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ለፋሲካ የምታደልበው ቀይ ሙክት ገመዱን በጥሶ ወጣ። በሰለች ነጠላዋን በወገቧ ጠምጥማ ተከተለችው። በጉ በአጥሩ ሥር፣ እሷ በመንገዱ፤ ስለዚህ ሰው በጉን አላየም። ያየው በሰለችን ነው፣ ያውም ስትሮጥ።

መጀመሪያ ያየቻት ጎረቤቷ እትዬ ወለተሐና ናት። በጨፌ ሰፈር ከወለተሐና በፊት ያለቀሰ ሰው የለም፤ እንባዋ ከወሬው ይቀድማል። የያዘችውን ወንፊት ወረወረችና ተነሣች።

“ማን ነው? በሰለች፣ ማን ነው?”

በሰለች ትንፋሿን ለበጉ ቆጥባለች፤ አልመለሰችም። ወለተሐና አቅጣጫውን አየች። ቁልቁል ነው። ቁልቁል ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ የሰነበቱት ጋሽ ባየው አሉ።

“ወይኔ! ወይኔ ጋሽ ባየው!”

ከዚያ በኋላ በር ሁሉ ተከፈተ። ነጠላ ተዘቀዘቀ፣ ደረት ተመታ። በጉ ደግሞ፣ በበግ ጥበቡ፣ በቀጥታ ጋሽ ባየው ግቢ ገብቶ ጥቅል ጎመናቸውን መቀርጠፍ ጀመረ። በሰለች ገብታ በቀንዱ ስትይዘውና ቀና ስትል አሥራ ሁለት ሴቶች ከኋላዋ ቆመው ያለቅሳሉ። የቤቱ በር ሲጥ አለ። ጋሽ ባየው ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ወጡ። ለቀስተኞቹን አዩ፤ ጎመናቸውን አዩ፤ ደግመው ለቀስተኞቹን አዩ።

“እኔ ነኝ እንዴ?” አሉ ቀስ ብለው።

 ወለተሐና አፍንጫዋን ጠራርጋ፣ “ተሻለዎት እንዴ ጋሼ?” አለች።

“እስካሁን ተሽሎኝ ነበር” አሉ ጋሽ ባየው።

በሚቀጥለው እሁድ እድሩ ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ አቶ ደምመላሽ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ያልተጻፈ ነገር እንደተደረገ አይቆጥሩም።

“እኔ እኮ ጡሩምባ እንኳን አልያዝኩም ነበር” አለች በሰለች።

“ደንግጠሽ ረስተሽው መስሎን ነው” አለች ወለተሐና።

አቶ ደምመላሽ መነጽራቸውን አስተካክለው በቀይ እስክሪብቶ ጻፉ፤ እየጻፉም አነበቡ። “ጡሩምባ ነፊዋ ያለ ሞት በሰፈሩ ውስጥ አትሩጥ። ተወስኗል።”

ጉባኤው በእጅ ማውጣት አጸደቀው። በሰለችም እጇን አወጣች፤ እምቢ ማለት አሳፍሯት።

ግን አንድ ነገር ለማንም አልተናገረችም። ያን ማክሰኞ ዞር ብላ ለቀስተኞቹን እስክታይ ድረስ ደስ ብሏት ነበር። እንዲያው ዝም ብሎ የሚያስቅ ደስታ፣ ከጉልበት ተነሥቶ ሆድን የሚኮረኩር። አስባው የማታውቀውን ነገር ያን ቀን አሰበች፤ በሕይወቷ ሙሉ የሞተ ሰው ስም በአፏ ሳትይዝ ሮጣ አታውቅም። እግሯ ሩጫን ያውቃል፤ ሩጫዋን አይቶ ደስ ያለው ሰው ግን የለም። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ እየሮጠች ስትመጣ ሰው አይቷት ፊቱ ቢበራ!

“ከበጉ ቀን ጀምሮ ብቻሽን ትስቂያለሽ” አሏት አባቷ።

ነገረቻቸው።  ደረታቸው ሲር ሲር ይላል።

“ሠላሳ አንድ ዓመት ስሮጥ” አሉ፣ “አንድ ሰው እንኳን ‘እንኳን መጣህ’ ብሎኝ አያውቅም። ልጄ፣ ቃለ ጉባኤው ‘በሰፈሩ ውስጥ’ ነው የሚለው፤ አይደለም? ከሰፈሩ ውጪ መንገዱ የእግዚአብሔር ነው። ሩጪ።”

ስለዚህ በሰለች ጠዋት ጠዋት ሰፈሯን እንደ ጨዋ ተራምዳ ታልፍና ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ላይ የመጨረሻው ቤት ከኋላዋ ሲቀር ትሮጣለች። ገብሱ ላይ ውርጩ ገና አልረገፈም። የባሕር ዛፎቹን ጫፍ ብቻ ፀሐይ ነክቶታል። ከአፏ የሚወጣው ጭስ እየቀደማት፣ ራሷ የሠራችው የሱፍ ካልሲ ቁርጭምጭሚቷን እየበላት፣ አንድ ኪሎ ሜትር ሳትሞላ ሳቋ ይመጣል። በሩጫ ላይ መሳቅ መጥፎ ነው፤ ጎን ይወጋል። ጎኗን ይዛም ትስቃለች።

በሦስተኛው ቀን ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች። ለቀስተኛ ተከተለኝ ብላ አሰበች። ፍጥነት ጨመረች። ኮቴው ግን አልተከተላትም፤ እንዲያውም ቆመ። ዞር ስትል አንዲት ሴት ወደ ኋላዋ ትሮጣለች፣ ከእሷ እየሸሸች! በሰለች ደነገጠች፤ ሰው አስደነገጥኩ ብላ ይቅርታ ልትጠይቅ ተመልሳ ተከተለቻት። ሴትዮዋ ተከተለችኝ ብላ ባሰባት። እንዲህ ሆነው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሲሳደዱ ሁለቱም ትንፋሽ አልቆባቸው ድንጋይ ላይ ወደቁ።

“ማን ልኮሽ ነው?” አለች ሴትዮዋ።

“ማንም። አንቺስ ለምን ሸሸሽ?”

“ድንገት ስትፈጥኚ ከፊት ክፉ ነገር ያለ መስሎኝ። አንቺስ ለምን ፈጠንሽ?”

“ልታለቅሺ መስሎኝ።”

ተያዩ። ከዚያ ሳቁ መጣ። የሚያልፍ የአይሱዙ ሹፌር የታመሙ መስሎት ቆሞ፣ “ሐኪም ቤት ላድርሳችሁ?” እስኪላቸው ድረስ ሳቁ።

ሴትዮዋ ምስራቅ ትባላለች። ከወለጋ ተፈናቅላ ከመጣች ወዲህ ከከተማው ዳር ባለው መጠለያ ከልጇ ጋር ትኖራለች። ከዚያ ቀን በኋላ አብረው ሮጡ። በሰለች ካልሲ ሠራችላት፤ ምስራቅ ዳገት ሲመጣ የምትዘፍነው የኦሮምኛ ዘፈን አላት፤ በሰለች ቃሉን ሳታውቅ ትቀበላታለች፣ ሁልጊዜም በተሳሳተ ቦታ።

አንድ ጠዋት ምስራቅ እንዲህ አለቻት። “ያን ጊዜ ስሮጥ ልጄን አዝዬ ነበር። ከኋላዬ ያለውን ዞር ብዬ አላየሁም፤ ዞር ካልኩ የምወድቅ መሰለኝ። አሁን እየሮጥኩ ዞር ማለት ነው የምወደው። ዞር እላለሁ፤ አንቺ ነሽ። እንደ በርበሬ ቀልተሽ።”

“ሌላ የምታዪው አጣሽ?”

“ከአንቺ የሚሻል ምን ይታያል በሴ?”

ግማሽ ማራቶን ሊካሄድ ነው የሚል ማስታወቂያ በከተማው ሲለጠፍ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሊመዘገቡ ሄዱ። መዝጋቢዋ ናዝራዊት የምትባል ጠይም ወጣት ነበረች። ቅጹ ላይ ከዕድሜና ከስልክ ቁጥር በታች፣ ‘የሚሮጡበት ምክንያት’ ይልና አጭር መስመር ይከተላል።

“‘ጤና’ ብላችሁ ጻፉ” አለች ናዝራዊት፣ “ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።”

ምስራቅ ‘ዞር ብዬ ለማየት’ ብላ ጻፈች። በሰለች እስክሪብቶውን አኝካ አኝካ፣ ‘ሰው ስመጣ አይቶ ደስ እንዲለው’ ብላ ጻፈች። ናዝራዊት አነበበች፤ ሳቋ መጣ፣ መለሰችው።

“ከመስመሩ አለፋችሁ” ብቻ አለች፤ ቁጥራቸውንም ሰጠቻቸው። የበሰለች ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ነው።

መንገዱ ለበሰለች የተሰፋ ነበር ማለት ይቻላል። ከኳስ ሜዳው ተነሥቶ በዋናው አስፋልት፣ ከዚያ በአንኮበር መንገድ አሥር ኪሎ ሜትር ወጥቶ፣ አንድ ቢጫ በርሜል ዞሮ መመለስ። ጨፌ ሰፈርን አይነካም። ማንንም ሳታስደነግጥ ትሮጣለች፤ መድረሻው ላይ የማያውቋት ሰዎች ያጨበጭቡላታል። አባቷም በርጩማቸውን ይዘው እዚያ ይጠብቃሉ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች?

እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አራት መቶ ሰው ኳስ ሜዳው ላይ ብርዱን እየረገጠ ቆሟል። አስተናባሪው የድምፅ ማጉያውን አነሣ።

“ወንድሞችና እህቶች፣ ትንሽ ለውጥ አለ! ዋናው አስፋልት ትናንት ስለተቆፈረ፣ ስንመለስ በጨፌ ሰፈር በኩል ነው የምንገባው! መልካም ሩጫ!”

ጥይት ተተኮሰ። አራት መቶ ሰው ሄደ። በሰለች እንደ ተተከለ እንጨት ቆማ ቀረች።

“ነይ እንጂ!” ምስራቅ እጇን ጎተተቻት።

“ምስራቅ፣ ሰፈሬ ነው። ሰው ይሞትብኛል። ጋሽ ባየው ይሞቱብኛል!”

“ሃያ ኪሎ ሜትር ይቀረናል፤ እየሮጥን እናስባለን።”

እየሮጡ አሰቡ። ቢያቋርጡስ? አይሆንም። በጓሮ ቢዞሩስ? ማጭበርበር ነው። ቢጫውን በርሜል ሲዞሩ አንዲት እናት በጣሳ በሶ በጥብጠው ይሰጣሉ፤ ምስራቅ ጠጣችና አፏን በክንዷ ጠረገች።

“አገኘሁት! ሰፈርሽን ተራምደሽ እለፊው። አትሩጥ ተባለ እንጂ አትራመድ ተባለ?”

በሰለች በደስታ ልታቅፋት ስትል በሶው ተደፋባቸው። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ በሕይወቷ ሁሉ የማትረሳው ነው። ቁልቁለቱ፣ ፀሐዩ፣ አጥር ላይ ተንጠልጥለው “አይዞሽ! አይዞሽ!” የሚሉት የገጠር ሴቶች። አንዲት አሮጊት እንዲያውም፣ “ቀድመሽ ነው ወይስ ተቀድመሽ?” ብለው ጮሁ። “ተቀድሜ!” አለች በሰለች። “ይሁን! ያምርብሻል!” አሉ።

የጨፌ ሰፈር መግቢያ ወፍጮ ቤቱ ነው። እዚያ ሲደርሱ በሰለች ቆመችና መራመድ ጀመረች። ምስራቅ እየዘለለች አለፈቻት። “መድረሻው ላይ ዞር ብዬ አይሻለሁ!”

እትዬ ወለተሐና በሯ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነበር።

“በሰለች! ምንድን ነው ደረትሽ ላይ የለጠፍሽው?”

“ሩጫ ላይ ነኝ፣ እትዬ።”

ወለተሐና ከላይ እስከ ታች አየቻት። አንድ ጎልማሳ ላቡን እየጠረገ በአጠገባቸው ሮጦ አለፈ። ቀጥሎ ሁለት ተማሪዎች አለፉ።

“እየተራመድሽ? ሩጫ አልሽኝ እኮ። እንዲህማ ለገበያም አይኬድም።”

በሰለች ከፊቷ ያለውን መንገድ አየች። እያንዳንዱን ድንጋይ ታውቀዋለች። ያ የአቶ ደምመላሽ ማዕዘን ነው፤ ለስንት ሰው ነፍታበታለች። ያ የቧንቧው ማዕዘን፣ ያ የዋርካው። በዚህ መንገድ ለሞት እየሮጠች ለራሷ ልትራመድ ነው? ቅጹ ላይ የጻፈችው ትዝ አላት። የማያውቋት ሰዎች እንዲደሰቱ አልነበረም እኮ የፈለገችው። እነዚህ ናቸው። እነዚህ በሮች።

ከጉልበቷ ተነሥቶ ሆዷን ኮረኮራት። ሮጠች።

“ኧረ ቆይ፣ እኔም ልይሽ!” ብላ ወለተሐና ተነሥታ ተከተለቻት።

አለቀ። ጨፌ ሰፈር ያየው ይህን ነው፤ በሰለች ከፊት ትሮጣለች፣ ወለተሐና ከኋላ ትከተላለች። ማስረጃ የሚፈልግ ሰው አልነበረም። በሩ ሁሉ በአንዴ ተከፈተ። “ማን ነው? ኧረ ማን ነው?” ወለተሐና ልታስረዳ አፏን ከፈተች፤ ግን ከመቶ እርምጃ በኋላ ትንፋሽ የሚባል አልቀረላትም፤ እጇን ብታወዛውዝ ደረቷን የምትመታ መሰለች። አቶ ደምመላሽ ጢማቸውን እየተላጩ ነበር፤ ግማሽ ፊታቸው ሳሙና እንደሆነ መዝገባቸውን በብብታቸው ይዘው ወጡ። “በሥርዓት! ለቅሶ በሥርዓት ነው!” እያሉ እሳቸውም ሮጡ። ሴቶች ነጠላ እያዘቀዘቁ፣ ወንዶች በአንድ እግር ጫማ፣ ከኋላ ደግሞ ጋሽ ባየው በከዘራ፤ “ዛሬስ ማን ነው? ንገሩኝ፣ እኔ ከሆንኩ ልመለስ!” እያሉ።

በሰለች ዞር አለች። ልትደነግጥ ይገባት ነበር። ግን እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ስልሳ ሰው! ስልሳ ሰው እየሮጠ ነው፣ የእድሩ ሊቀ መንበር በሳሙና ነጭ ጢም! ጎኗ ወጋት። ሳቀች። እያለቀሰች የምትሮጥ መሰላቸውና እነሱም ባሰባቸው።

ኳስ ሜዳው በር ላይ አስተናባሪው ከሩቅ አይቶ የድምፅ ማጉያውን አነሣ። “ሦስት መቶ አሥራ ስምንት እየገባች ነው… ከ… እነዚህ እነማን ናቸው? ቁጥር የሌላችሁ! ቁጥር የሌላችሁ በጎን!” ማንም በጎን አልሄደም። በሰለች መስመሩን አለፈች፣ ጨፌ ሰፈርም ተከትሏት አለፈ። ሜዳሊያ የምታድለው ናዝራዊት እጇ ላይ የቀረውን ሜዳሊያ አየች፤ ሕዝቡን አየች፤ ሜዳሊያውን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

ከመድረሻው አጠገብ ጋሽ ፈንታሁን ከበርጩማቸው ተነሥተው ቆመዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት የነፉ ናቸውና ነገሩ በአንድ እይታ ገብቷቸዋል። ከንፈራቸውን ነክሰዋል።

አቶ ደምመላሽ የአፋቸውን ሳሙና በክንዳቸው ጠርገው ወደ ፊት መጡ።

“በሰለች” አሉ፣ “ጉባኤው ይጠይቅሻል። ማን ነው?”

በሰለች በጉልበቷ ላይ ተደግፋ ትንፋሽ ፈለገች።

“ማንም” አለች።

“ማንም ማለት?”

“ማንም አልሞተም።”

 ጋሽ ባየው በሰው መሃል ከዘራቸውን እያሻገሩ ገቡ።

“እኔም አይደለሁም?”

“እርስዎም አይደሉም ጋሼ። ማንም አልሞተም። እኔ ነኝ የሮጥኩት። ደስ ብሎኝ ነው።”

መጀመሪያ የሰማችው የአባቷን ሳቅ ነው፤ ከዚያ ከታመመ ደረት ሳል ሳል እያለ የሚወጣ። ቀጥሎ ወለተሐና ትንፋሿን አገኘች፤ በሰፈሩ ከእሷ በፊት ያለቀሰ እንደሌለ ሁሉ ከእሷ በፊት እልል ያለም አልነበረም። እልልታው ከስልሳ ጉሮሮ ወጣ። ሞተ ብለው ያሰቡት ሁሉ፣ እያንዳንዱ በልቡ የፈራው ሰው፣ በሕይወት አለ! ሴቶች ነጠላቸውን መልሰው ለበሱ፤ ተቃቀፉ፤ አቶ ደምመላሽን አቅፎ ሳሙና ያልተቀባ ሰው አልቀረም። ጋሽ ባየው ከዘራቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው፣ “ሁለተኛዬ ነው! ሁለተኛዬ ነው!” እያሉ ጨፈሩ። የአንደኛነቱን ዋንጫ የወሰደችው ልጅ ራሷ እንዲህ ያለ አቀባበል አላገኘችም፤ ቆማ በቅናት ታጨበጭባለች። ምስራቅ ቃሏን ጠብቃ ዞር ብላ አየች፤ አይታም አልጠገበች።

በሰለች ፊቶቹን አንድ በአንድ አየች። ሁሉም እሷን ያያሉ። ሁሉም ያበራሉ።

በማግስቱ አቶ ደምመላሽ መዝገባቸውን ከፍተው ከቀዩ መስመር በታች በቀይ ጨመሩበት። “ጡሩምባ ነፊዋ ጡሩምባ ይዛ ከሮጠች ለቅሶ ነው። ባዶ እጇን ከሮጠች ማንም አልሞተም ማለት ነው። ተወስኗል።” ጉባኤው እጅ አወጣ፤ ወለተሐና ሁለቱንም አወጣች።

አሁን ጠዋት ጠዋት በሰለች የምትሮጠው በጨፌ ሰፈር ውስጥ ነው። ኮቴዋ ሲሰማ ሴቶች በር ከፍተው አስቀድመው እጇን ያያሉ። በባዶ እጅ ሰው ቤት መሄድ ነውር በሆነበት አገር የእሷ ባዶ እጅ የሰፈሩ ምሥራች ሆኗል።

“እሰይ! ባዶ እጇን ናት!” ይባባላሉ በየአጥሩ። ከአጠገባቸው ስታልፍም፣ “እንኳን መጣሽ በሰለች!” ይሏታል።

ጋሽ ፈንታሁን ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ይህን ሲሰሙ፣ ለማን እንደሚመልሱ ሳያውቁ፣ “እንኳን ደህና ቆያችሁ” ይላሉ በለሆሳስ።